ቡጢ በጆሮም ይታያል
(ለሬዲዮ ስፖርት ክፍሎችና ለቦክስ ፌዴሬሽን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ)

ለኤፍ ኤም ሬዲዮ ጣቢያዎች የስፖርት ክፍሎች
ለኢትዮጵያ ቦክስ ፌዴሬሽን

ጉዳዩ፦ የአገር ውስጥ የቦክስ ግጥሚያዎች በአማርኛ በሬዲዮ በቀጥታ እንዲተላለፉ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ አዘጋጆችና የፌዴሬሽኑ ኃላፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ቦክስ በሬዲዮ ይተላለፍ ባልኩ ቁጥር የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነው፦ «ቡጢ የሚታይ ነገር ነው፤ በጆሮ ምኑ ይሰማል?» እንዲህ የሚሉኝ ሰዎች ስፖርት የሚወዱ፣ አንዳንዶቹም በሙያው ውስጥ ያሉ ናቸው። መልሳቸው ግን ትክክል አይደለም፤ የሚጎዳውም ቦክሰኞቻችንን ነው። የፖሊስና የማረሚያ ቤት ክለቦች ልጆች ዓመቱን ሙሉ ለፍተው አራት ኪሎ ሲፋለሙ የሚያውቅላቸው አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ለቀረነው የሚደርሰን በማግስቱ፣ ከስፖርት ዜናው መጨረሻ ላይ፣ «እገሌ እገሌን በነጥብ ረታ» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት። እንዴት እንደረታው፣ በስንተኛው ዙር ላይ ተንገዳግዶ እንደተነሳ፣ የትኛው እጁ እንደሠራለት የሚነግረን የለም።

የምጠይቃችሁ ነገር ብዙ አይደለም። አንድ አስተላላፊ ሪንጉ ዳር አስቀምጡና ማይክሮፎኑን ክፈቱለት። ይህ እንዲሳካ ግን አስተላላፊው ሪንጉ ዳር የሚሠራው ሥራ ከእግር ኳሱ የተለየ መሆኑ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ደብዳቤዬ የረዘመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እግር ኳስ 22 ሰው፣ መቶ ሜትር የሚደርስ ሜዳ ነው። አድማጩ ኳሷ የት እንዳለች በሐሳቡ ሲከተል ይደክማል፤ እንደዚያም ሆኖ እግር ኳስ በሬዲዮ ማዳመጥ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ደምሴ ዳምጤ በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ረትታ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ ያሰማውን ድምፅ ያኔ ያልተወለዱ ልጆች ሳይቀሩ ያውቁታል። ቦክስ ግን ከዚህም ይቀላል። ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። አራት እጅ አላቸው። የሚመቱት ራስና ሆድ ነው። ሪንጉ ከገመድ እስከ ገመድ 6 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሦስት ደቂቃ ተሠርቶ አንድ ደቂቃ ይታረፋል፤ መጀመሪያውንም መጨረሻውንም ደወል ይናገራል። ለጆሮ ታስቦ የተሠራ ስፖርት ቢፈለግ ከዚህ የሚቀርብ አላውቅም።

ሬዲዮ ራሱ ገና በሕፃንነቱ ሕዝብን ከሰበሰበባቸው ነገሮች አንዱ ቦክስ ነበር። ሰኔ 25 ቀን 1913 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1921) አሜሪካዊው ቦክሰኛ ጃክ ደምፕሲና ፈረንሳዊው ዦርዥ ካርፓንቲየር አሜሪካ ውስጥ ጀርዚ ሲቲ ላይ ሲጋጠሙ አንድሩ ዋይት የሚባል ሰው ሪንጉ ዳር ተቀምጦ ያየውን በስልክ ይናገር ነበር። የስልኩ ሌላኛ ጫፍ ሆቦከን ውስጥ ባለ ጊዜያዊ ማሠራጫ ነው፤ እዚያ ያለው ኦወን ስሚዝ የተባለ ቴክኒሺያን የዋይትን ቃል ተቀብሎ በማይክሮፎኑ ይደግመዋል። አድማጩ የሰማው የስታዲየሙን ጩኸት አልነበረም፤ የዋይትንም ድምፅ አልነበረም። ከአንድ ሰው አፍ ወደ ሌላ ሰው አፍ የተላለፈ ቃል ብቻ ነው የሰማው። ካርፓንቲየር በአራተኛው ዙር ሲዘረር በየቲያትር ቤቱና በየአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ሥር የተሰበሰበው ሕዝብ ያንን ቃል ይዞ ነው ልቡ የተሰቀለው። ያን ቀን 300 ሺህ ያህል ሰው እንዳዳመጠ ይገመታል። ታዲያ ምን ሰማ? የተነገረውን ሰማ። የሚያስጮኸው ነገር ቃሉ ውስጥ ነበር።

ከ20 ዓመት በኋላ የሆነውን ደግሞ ላንሳ፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ እሱ ነው። ሰኔ 11 ቀን 1933 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1941) የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኑ ጆ ሉዊስ ኒው ዮርክ ላይ ቢሊ ኮንን ገጠመ። ኮን የፒትስበርግ ልጅ ነው፤ በክብደት ከሉዊስ ከ10 ኪሎ በላይ ያንሳል። በዚያው ምሽት ፒትስበርግ ውስጥ፣ ፎርብስ ፊልድ በተባለው ስታዲየም፣ የከተማው ቡድን ፓይሬትስ ከኒው ዮርክ ጃየንትስ ጋር ቤዝቦል ይጫወት ነበር። የቦክሱ ሰዓት ሲደርስ ጨዋታው ቆመ። ተጫዋቾቹ ሄደው ተቀመጡ። ሕዝቡም ትኬት ቆርጦ የገባበትን ጨዋታ ትቶ ከስታዲየሙ ድምፅ ማጉያ የሚወጣውን ሬዲዮ ማዳመጥ ያዘ። አንድ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ያ ሁሉ ሕዝብ ባዶ ሜዳ ፊት ለፊቱ አድርጎ ሌላ ከተማ ውስጥ የሚሰነዘር ቡጢ ሲከታተል ቆየ። ኮን እስከ 12ኛው ዙር ድረስ በሁለት ዳኞች ነጥብ ይመራ ነበር። በ13ኛው ዙር፣ ደወል ሊመታ 2 ሰከንድ ሲቀረው፣ ሉዊስ በዝረራ አሸነፈው። በዓይኑ የሚያየው ጨዋታ እያለው በጆሮው የሚሰማውን የመረጠ ተመልካች ካለ፣ «ቦክስ በሬዲዮ አይሆንም» የሚለው ክርክር ያበቃል።

ያን ምሽት ሪንጉ ዳር የነበረው ዶን ደንፊ ነው። ደንፊ ቃል አያበዛም። የተመታውን ይናገራል፣ ያቆማል፣ ቀጣዩን ይናገራል። በዙሮቹ መካከል ያለችውን አንድ ደቂቃ ቢል ኮረም ይቀበለዋል። እንግሊዞቹም በቢቢሲ እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት፤ ሬይመንድ ግሌንዴኒንግ ዙሩን ያስተላልፋል፣ ባሪንግተን ዳልቢ ደግሞ በዕረፍቱ ዙሩን ይመዝናል። ይህን የሥራ ክፍፍል ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ዙሩ እየሄደ ትንተና የለም፤ ትንተና ለዕረፍቷ ደቂቃ ይቆያል። የእግር ኳስ አስተላላፊ ኳሷ መሐል ሜዳ ላይ ስትንሸራሸር የተጫዋቹን የዝውውር ታሪክ ሊያወራን ጊዜ አለው። ቦክስ ላይ ያን ቢያደርግ ሦስት ቡጢ ያመልጠዋል፤ ከሦስቱ አንዱ ግጥሚያውን የሚዘጋው ሊሆን ይችላል።

ጆ ሉዊስን ካነሳሁ አይቀር፣ ስሙ ለኛ ባዳ እንዳልሆነ ማስታወስ እወዳለሁ። ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1935) ያንኪ ስታዲየም ውስጥ ጣሊያናዊውን ፕሪሞ ካርኔራን በስድስተኛው ዙር ሲጥለው ሙሶሊኒ ጦሩን ወደ አገራችን እያዘጋጀ ነበር፤ ካርኔራም የፋሺስቱ መንግሥት መኩሪያ ነበር። ጥቁር አሜሪካውያን ያንን ግጥሚያ የኢትዮጵያና የጣሊያን ግጥሚያ አድርገው ነው ያዩት። ወረራው የተጀመረው ከሦስት ወር በኋላ፣ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ነው፤ የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያም የተመረቀው በዚያው ወር ነበር። የኛ ሬዲዮ የተመረቀውና የኛ ስም በቦክስ ሪንግ የተጠራው በአንድ ሰሞን መሆኑ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰኔ 15 ቀን 1930 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1938) ሉዊስ ከሁለት ዓመት በፊት እሱን ራሱን በ12ኛው ዙር ዘርሮት የነበረውን ጀርመናዊ ማክስ ሽሜሊንግን በድጋሚ ገጠመ። በዚያው ያንኪ ስታዲየም 70 ሺህ ሰው ነበር፤ በአሜሪካ ብቻ 70 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በሬዲዮ እንደተከታተለው ይገመታል። ግጥሚያው የፈጀው 124 ሰከንድ ነው። ሬዲዮኑን ትንሽ ዘግይቶ የከፈተ ሰው አመለጠው ማለት ነው። ያስተላለፈው ክሌም መካርቲ ነበር፤ ድምፀ ሻካራ፣ ይበልጥ በፈረስ ውድድር የታወቀ ሰው። ቅጂው ዛሬም አለ፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በብሔራዊ የድምፅ ቅርስ መዝገቡ አስገብቶታል። እባካችሁ ፈልጋችሁ አድምጡት፤ ለአስተላላፊዎቻችሁም አሰሟቸው።

መጀመሪያ ላይ ዐረፍተ ነገሮቹ ሙሉ ናቸው። ማን እንደቀረበ፣ ማን እንደሸሸ፣ ማን እንደጠበቀ ተረጋግቶ ይናገራል። ሽሜሊንግ ቡጢ ሲዘንብበት ግን አነጋገሩ ይሰባበራል። ማሰሪያ አንቀጹ ይጠፋል፤ እጅና ቦታ ብቻ ይቀራሉ፦ ቀኝ ራስ ላይ፣ ግራ መንጋጋ ላይ፣ ቀኝ ራስ ላይ፤ ዳኛው ዶኖቫን በጥንቃቄ እያየ ነው፤ ቀኝ ሆድ ላይ፣ ግራ መንጋጋ ላይ፤ ሽሜሊንግ ወደቀ። ከዚያ ቆጠራውን ከአንድ አይጀምርም፤ ከአምስት ነው የሚጀምረው። ቡጢውን ሲከተል የቆጠራው መጀመሪያ አልፎታል፤ እሱም የደረሰበትን ይዞ ቀጠለ። ቡጢው ከአንደበት ፈጥኖ እንደሚወርድ አድማጩ የሚያውቀው ከዚህ ነው። አስተላላፊው ሉዊስ ፈጣን መሆኑን በቅጽል አልነገረንም፤ ሊደርስበት አለመቻሉ ነገረን። እኔ የሬዲዮ ቦክስ ደስታ የምለው ይህን ነው፤ በመጮህ የሚመጣ አይደለም።

የአስተላላፊው ሥልጣን ትልቅ ስለሆነ አደጋም አለው። ነሐሴ 24 ቀን 1929 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1937) የዌልሱ ቶሚ ፋር፣ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ሠራተኛ የነበረው፣ ከዚሁ ከሉዊስ ጋር 15 ዙር ሙሉ ቆመ። የአገሩ ሰው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ተነስቶ ሬዲዮ ከቦ አደመጠ። ሉዊስ በሁሉም ዳኞች ውሳኔ በነጥብ አሸነፈ። በሬዲዮ የሰሙት ብዙ ዌልሳውያን ግን ፋር ድሉን እንደተነጠቀ አምነው ቀሩ፤ በጆሯቸው የገባው ፋር የሰነዘረው ቡጢ እንጂ ሉዊስ የሰነዘረው አልነበረምና። አስተላላፊ የወደደውን ቦክሰኛ ቡጢ አጉልቶ የሌላውን ካሳነሰ አድማጩ ሌላ ግጥሚያ ይሰማል። በክለቦቻችን መካከል ያለው ፉክክር የጋለ ስለሆነ ይህ ለኛ ትንሽ ነገር አይደለም። በነጥብ የተሸነፈ ልጅ ሰፈር ሲገባ «ተበልተሃል» እየተባለ ዳኛ ሲሰደብ የሚያድረው በዚህ ዓይነት ወሬ ነው።

መካርቲ ራሱ በ1939 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1947) ፕሪክነስ በተባለው የፈረስ ውድድር ላይ ያላሸነፈውን ፈረስ አሸናፊ አድርጎ አወጀ፤ ሰው ከፊቱ ቆሞ እይታውን ጋርዶበት ነበር። እዚያው በአየር ላይ ስህተቱን አመነ፣ አረመም። ዛሬ እኔ ስሙን በክብር የምጠራው ያንንም አብሬ አስቤ ነው።

ሁለተኛው የሚነሳብኝ ክርክር «አማርኛ ለዚህ ይከብዳል» የሚል ነው። እውነት አለው። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ቀይ ጓንት ያጠለቀው ቦክሰኛ በግራ እጁ የተጋጣሚውን አገጭ መታ» ብሎ ለመጨረስ ከሚፈጀው ጊዜ ውስጥ ሁለት ቡጢ ይገባል። መፍትሔው ግን ሩቅ አይደለም፤ ሕዝባችን ራሱ ይዞታል። አራት ኪሎ የክለቦች ውድድር ሳይ አጠገቤ የነበረ ወጣት ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ድሬዳዋ ላለ ታላቅ ወንድሙ ግጥሚያውን ያስተላልፍለት ነበር። «ግራ ሰደደ… ሳተ። ቀዩ ገባበት። ሆዱን፣ ሆዱን፣ ደገመው! ያዘው። ዳኛው እየለያያቸው ነው። እጁ ወርዷል ጋሼ፣ እጁ ወርዷል…» አለና ዝም አለ። ዓይኑ ሪንጉ ላይ ተተክሏል። ከስልኩ ውስጥ የታላቅየው ድምፅ እኔ ዘንድ ሳይቀር ይሰማል፦ «ከዚያስ? ከዚያስ? አንተ!» ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ ማስተላለፍ አልተማረም። ነገር ግን ባለቤቱን ጥሎ ግሱን ብቻ መያዝ፣ ቦታውን ብቻ መጥራት፣ ሲያስፈልግ መደጋገም ከአፉ ወጣ። «እጁ ወርዷል» የምትለዋ ደግሞ ትልቅ ማስተላለፍ ናት፤ ገና ያልመጣውን ቡጢ አድማጩ ቀድሞ እንዲፈራው ታደርጋለች።

ያቺ ዝምታም ትቆጠር። አስተላላፊዎቻችን ዝም ማለትን እንደ ጥፋት ያዩታል፤ አየሩ ባዶ እንዳይሆን ይጣደፋሉ። በቦክስ ውስጥ ግን አየሩ ባዶ አይሆንም። ጫማ ሸራው ላይ ሲንሸራተት፣ ጓንት ክንድ ላይ ሲያርፍ፣ አሠልጣኝ ከጥግ ሆኖ «ግባ! እጅህን አንሳ!» ሲል፣ ሕዝቡ ትንፋሹን ውጦ በአንድ ጊዜ ሲለቀው ይሰማል። ቀረርቶና ፉከራ ቦታቸው ቦክሰኛው ወደ ሪንጉ ሲወጣና እጁ ሲነሳለት ነው። በመካከሉ አስተላላፊው ለነዚህ ድምፆች መንገድ መልቀቅ አለበት። ስለዚህ ለአስተላላፊው ከሚሰጠው ማይክሮፎን ሌላ አንድ ማይክሮፎን ሸራው አጠገብ፣ ደወሉ በሚሰማበት ቦታ ቢቀመጥ ሥራው በግማሽ ይቀላል።

ፌዴሬሽኑን የምጠይቀው እንዲህ ነው። ለአስተላላፊው ከዳኞቹ ጠረጴዛ አጠገብ ቋሚ ቦታ ስጡት፤ ከሰው ጀርባ ቆሞ ቡጢ ማየት አይቻልም። ከግጥሚያው በፊት የቦክሰኞቹን ሙሉ ስም፣ ክለብ፣ ኪሎና የሚወጡበትን ጥግ የያዘ ዝርዝር ይድረሰው። ቀይና ሰማያዊ ጥግ መኖሩ ለሬዲዮ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ስሙን ገና የማያውቅ አድማጭ በመጀመሪያው ዙር «ቀዩ»፣ «ሰማያዊው» እየተባለ ከተከተለ በሁለተኛው ዙር በስማቸው ይለምዳቸዋል። የሴቶቹም ግጥሚያ እኩል ይተላለፍ፤ ሴቶቹ ሲፋለሙ «አሁን ወደ ማስታወቂያ» እንዳይባል አደራ እላለሁ። የዳኞች ውሳኔ ሲዘገይ ምክንያቱ ለአስተላላፊው ይነገረው፤ ወሬ የሚፈጠረው በዚያ ክፍተት ነው።

ወጪውን በተመለከተ፣ ዋይት በ1913 ዓ.ም. የሠራው በአንድ የስልክ መስመር ነው። ዛሬ የአንድ ጣቢያ ጋዜጠኛ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ከዚያ የተሻለ ነው። ስፖንሰርም ቢሆን ተስፋ የሌለው ነገር አይደለም፤ የደንፊ ስርጭት ለዓመታት የቆመበት ገንዘብ የምላጭ አምራቹ የጂሌት ነበር፤ ቦክስ በሬዲዮ ለሱ ጥሩ ገበያ ስለሆነለት ነው የቆየው። የኛ አገር ነጋዴም በታክሲና በፀጉር ቤት ሬዲዮ የሚያዳምጠውን ወጣት ይፈልገዋል።

አንድ ነገር ግን በብርቱ እለምናለሁ። ማይክሮፎኑን ዝም ብላችሁ ለታወቀው ድምፅ አትስጡ። ደንፊ ራሱ በ1933 ዓ.ም. ሥራውን ያገኘው ተወዳድሮ ነው፤ ተወዳዳሪዎቹ እውነተኛ ግጥሚያ ፊት ተቀምጠው ያስተላለፉትን ተሰምቶ ነው የተመረጠው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ጋዜጠኞቻችሁን፣ የቀድሞ ቦክሰኞችን፣ ከተቻለም ከአዳራሹ ተመልካች ፈቃደኛ የሆኑትን በየተራ ሁለት ሁለት ዙር አስቀምጧቸውና ቅዱ። ከዚያ ቅጂውን ግጥሚያውን ላላየ ሰው አሰሙትና «ማን ይመራ ነበር? በየትኛው እጁ?» ብላችሁ ጠይቁት። በትክክል የመለሰለትን አስተላላፊ ምረጡ። የመጀመሪያው ስርጭት ሙሉ ምሽት መሆን የለበትም፤ በሚቀጥለው የክለቦች ውድድር የፍጻሜ ቀን ሦስት ግጥሚያ ይበቃል። ለሙከራው ዳኛ የሚሆን፣ ግጥሚያውን ያላየ አድማጭ ካስፈለጋችሁ እኔ ፈቃደኛ ነኝ፤ ብዙ ጓደኞችም ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቦክስና የሬዲዮ ወዳጅ
አዲስ አበባ